ሰው አይድከም

እትዬ ሶሊያና ገና ፊቷን ሳትታጠብ የዕድሩ ሰብሳቢ የዕለቱን ምደባ ነገራት። አንድ ለቅሶ፣ ዘጠነኛ ፎቅ፣ ረፋድ ላይ፣ ሁለተኛው ፈረቃ። ጥቁር ልብስ ግዴታ አይደለም። ዝምታ ይመረጣል።

«የማን ነው ደግሞ?» አለች ነጠላዋን እየፈለገች።

«የአቶ ደምሴ አባት አርፈዋል። ከሟች ጋር ያለዎት ቅርበት መካከለኛ ነው» አለ ሰብሳቢው። ድምፁ ሁልጊዜ የታረመ ነው። ሰው አቋርጦ አያውቅም፣ ተቆጥቶም አያውቅም፤ እሷን የሚያበሽቃት ይኸው ነው።

ሶሊያና ድሮ የሕፃን ስም ነበር። እሷ ስትማር አንድ ክፍል ውስጥ አራት ሶሊያናዎች ነበሩ። ዛሬ ሶሊያና የተባለች ሁሉ ጉልበቷን ይዛ «ውይ» እያለች ነው ከወንበር የምትነሳው። ልጆቹ ደግሞ ደምሴና በለጠች ሆነዋል። ጊዜ ጉደኛ ነው፤ የአያቶቹን ስም ለልጅ ያለብሳል፣ የልጆቹን ለባልቴት ያወርሳል።

ሰብሳቢው ሰው አይደለም። አዳማ ውስጥ እነዚህ ረጃጅም ፎቆች ሲሠሩ የነዋሪዎቹ ዕድር አብሮ ተቋቋመ፣ ያኔ ሰብሳቢዋ እሷው ራሷ ነበረች። ፓስታ ፋብሪካ ውስጥ ዕቅድ ክፍል ስለሠራች «ዕቅድ ታውቃለች» ብለው መረጧት። እውነትም ታውቅ ነበር። ያቀደችውን ታሠራለች፣ ያሠራችውን ትቆጣጠራለች፣ በጎደለው በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ትጨቃጨቃለች። ገንዘብ ያዡ ናሆም ነበር፣ ከፊት ለፊቷ በር የሚኖረው። አንድም ቀን በሐሳቧ ተስማምቶ አያውቅም። እሷ ሁለት ድንኳን ይገዛ ስትል እሱ አንድ ይበቃል ይላል፤ ብረት ድስት ስትል ሸክላ ይላል፤ ሲያመሽ ሁለቱም ድምፃቸው ዘግቶ፣ የናሆም ሚስት መክሊት መጥታ «በሉ ትዳር ያላችሁ ሰዎች ናችሁ፣ ተነሱ» ብላ ትለያያቸዋለች።

ከዚያ ሰብሳቢ የሚሆን ሰው ጠፋ። በየዓመቱ ምርጫ ሲደርስ ሁሉም መሬት መሬት ያያል። «ማን ጊዜ አለው?» ተባለ። እንዲህ ሲሆን ነው አንዱ ወጣት ሐሳብ ያመጣው፤ ዕቅዱንም፣ ውሳኔውንም፣ ቁጥጥሩንም ለማሽን እንስጠውና እንረፍ። እጅ ወጣ። በጭብጨባ ጸደቀ። አሁን አሳንሰሩ ውስጥ የዕድሩ ራዕይ ተጽፏል፤ «ብክነት የሌለበት ሐዘን ማየት» ይላል። ሰው ከፎቅ ፎቅ እስኪደርስ እያነበበው ይወርዳል፣ ይወጣል።

ደምሴ ቤት ስትደርስ የመጀመሪያው ፈረቃ እየወጣ ነበር። ወንበሮቹ እግራቸው ሥር ትንሽ መብራት አላቸው፤ የእርሷ በራላትና ተቀመጠች። ሰባት ሰው ናቸው። ማንም ማንንም አያይም። ደምሴ ጥግ ላይ ኮቱን እንደለበሰ ተቀምጧል፤ ለመጣ ሁሉ ራሱን ዝቅ ያደርጋል፣ ለሄደም እንደዚያው። ለረጅም ጊዜ እንዲህ ቆየና መብራቶቹ መርገብገብ ሲጀምሩ፣ ልክ ያን ጊዜ፣ ልቅሶው መጣበት። «አባብዬ» አለ፣ እንደ ልጅ። ሶሊያና እጇን ወደ ትከሻው ስትሰድ ወንበሯ ሥር ያለው መብራት ቀላ።

«ፈረቃ ሁለት፣ እናመሰግናለን» አለ ሰብሳቢው።

ወጡ። በር ላይ ለእያንዳንዳቸው የታሸገ ንፍሮ ተሰጣቸው። ሦስተኛው ፈረቃ ኮሪደሩ ላይ በሰልፍ ቆሟል።

ንፍሮውን ይዛ አሳንሰር ስትጠብቅ ያ ድንኳን ትዝ አላት። ወይ ያ ድንኳን! የአዳማ ንፋስ ሲነሳ መርከብ ነበር የሚያህለው፤ ወንዶቹ ገመዱን ይዘው «ያዝ! ያዝ!» ይባባላሉ። ሦስት ቀን ይቀመጡበታል። ሽማግሌዎቹ ካርታ ይጫወታሉ፣ ሴቶቹ ሽንኩርት እየላጡ አገር ምድሩን ያማሉ፣ ሐዘንተኛው መሐላቸው ተቀምጦ ሲያለቅስ ያለቅሱለታል፣ ሲደክመው ያስቁታል። ማን መጣ ማን ቀረ የሚለው ራሱ የዓመት ወሬ ነበር። አዎ፣ ብክነት ነበር። እሷ ራሷ በየዓመቱ ሪፖርት ላይ «የሰው ኃይል አጠቃቀማችን ደካማ ነው» እያለች ትጽፍ ነበር። ምን ታውቅ ነበር ያኔ!

አሥራ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ከአሳንሰሩ ወጥታ ወደ ቤቷ ስትዞር ቀጥ ብላ ቆመች። ከናሆም በር በላይ ያለው መብራት፣ ጠዋት ስትወጣ ያልነበረው፣ በርቷል። ነጭ ነው።

ቢጫ ማለት ሐዘን አለ፣ የተመደበ ይግባ ማለት ነው። ነጭ ማለት ሐዘን አለ፣ ቤተሰቡ ሰው አልፈለገም። ነጭ ሲያዩ ሰዎች ድምፃቸውን ቀንሰው ያልፋሉ፤ ማክበራቸው ነው። ሶሊያናም ስንቱን ነጭ መብራት እንደዚያ አልፋለች።

«ለማን ነው የበራው?» አለች ወደ ጣሪያው።

«ወይዘሮ መክሊት ዛሬ ንጋት ላይ አርፈዋል። ቀብራቸው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።»

ከመክሊት ጋር ከተነጋገሩ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል። የሶሊያና ባል ኪሩቤል ሲሞት እነናሆም አልመጡም። ከፊት ለፊት በር! የተመደቡ ሰዎች እንኳ አልመጡም፤ አንድም ሰው አልመጣም። ከዚያ ወዲህ አሳንሰር ውስጥ ሲገናኙ ራዕዩን ታነባለች እንጂ ቀና ብላ አታያቸውም።

«ለቀብሩ ማን ተመደበ?»

«አቶ ናሆም ብቻ። ቤተሰቡ ሰው አልጠየቁም።»

«ቤተሰቡ ማነው? ልጅ የላቸው፣ እሱ ብቻውን አይደለም እንዴ?»

«አዎ። ቤተሰቡ አቶ ናሆም ናቸው።»

«ምን ብሎ ነው ያልፈለገው? ቃሉን አሰማኝ።»

ሰብሳቢው ያለማንገራገር አሰማት፤ የዕድሩ አባል የመስማት መብት አለው። የናሆም ድምፅ ኮሪደሩ ላይ መጣ፣ ከሆስፒታል ጫጫታ ጋር። «ኧረ ምንም አልፈልግ… ሰው አይድከም። እኔ እችለዋለሁ» ይላል። «እችለዋለሁ» የሚለው ላይ ድምፁ ተሰብሯል።

«ሰማኸው አይደል?» አለች ሶሊያና።

«ሰምቻለሁ። መልሱ ግልጽ ነው።»

«ግልጽ? በእመብርሃን! እየተግደረደረ እኮ ነው! ጨዋ ሰው ምን እንዲል ትፈልጋለህ? ኑልኝ ብሎ ይለምን? ብላ ሲሉት በቃኝ የማይል ማን አለ? ሁለቴ ሦስቴ ጠይቀኸው ነው እውነቱ የሚመጣው!»

«ምላሽ የሰጠን ሰው ደጋግሞ መጠየቅ በአሠራሬ ጫና ማሳደር ይባላል።»

ነገርን ከሥሩ ነውና ሶሊያና ከሥሩ ያዘችው። «ቆይ፣ ድንኳኑን ያስቀረኸው በምን ወስነህ ነው? ሦስቱን ቀን ወደ ፈረቃ ያወረድከው?»

«በአባላት ግብረ መልስ። ሐዘን የደረሰባቸው ቤተሰቦች ሁሉ ማለት ይቻላል ሰው አይድከም፣ አትቸገሩ፣ ትንሽ ይበቃናል ብለዋል። ዕቅዱን ያወጣሁት ከዚያ ነው። ውሳኔው የእናንተው ነው። እርስዎም ብለዋል።»

«እኔ?»

«አቶ ኪሩቤል ሲያርፉ።»

ብላለች። አሁን ትዝ አላት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ «ምንም አልፈልግም፣ ሰው አታድክሙ» ብላ ነበር። ብላም ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ፣ ወንበሮቹን ግድግዳ አስጠግታ፣ በሩን እያየች ተቀመጠች። አሁን ይመጣሉ ብላ። ሳምንት ሙሉ በሩን አየች።

«የእኔም በር… ነጭ ነበር?»

«አዎ፣ ለአንድ ሳምንት።»

ከውስጥ ለተቀመጠ ሰው እኮ መብራቱ አይታይም፤ ለቀብር ስትወጣም ቀና አላለችም። እሷ ቢጫ ነው ብላ ነበር የምታስበው። ሰው ሁሉ ረሳኝ ብላ ነበር።

ዞራ የራሷን በር አየች። «መግባት የፈለገ ነበር?»

«አቶ ናሆምና ወይዘሮ መክሊት ጠይቀዋል። ወይዘሮ መክሊት በየቀኑ በርዎ ላይ ቆመው ጠይቀዋል። ቤተሰቡ አልፈለጉም የሚል መልስ ተሰጥቷቸዋል።»

ንፍሮው ከእጇ ወደቀ። በየቀኑ! መክሊት በየቀኑ በሯ ላይ ቆማ ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ እሷ «አልመጡልኝም» ብላ ስታኮርፍ፣ መክሊት ደግሞ «አልፈለገችንም» ብላ አንገቷን ደፍታ አልፋለች። ይህን ለማን ትነግረዋለች አሁን? የምትነግራት ሰው ሞታለች። ሶሊያና በሕይወቷ እንዲህ የተቆጨችበት ቀን አልነበረም።

«አማራጮችን ላቅርብልዎ?» አለ ሰብሳቢው።

«ተወኝ፣ ወስኛለሁ» አለችና የናሆምን በር በመዳፏ መታች።

«ናሆም! ሶሊያና ነኝ!»

ከውስጥ፦ «አትድከሚ ሶሊያና፣ ደህና ነኝ።»

«ክፈት!»

«ግድ የለም፣ እኔ…»

«ናሆም፣ ሦስተኛዬ ነው! ክፈት ብዬሃለሁ!»

በሩ ተከፈተ። አንድ እግሩ ላይ ካልሲ አለ፣ አንዱ ባዶ ነው። ወንበሮቹን ሁሉ ግድግዳ አስጠግቷቸዋል። ወንበሮቹን ስታይ ነው ሶሊያና ያለቀሰችው። አቀፈችው፤ ሁለት የደረቁ ሽማግሌዎች ደጃፍ ላይ ተቃቅፈው ቆሙ።

«ለኪሩቤል መጥተን ነበር» አላት ትከሻዋ ላይ። «መክሊት እስክትሞት ትለው ነበር። ገብቼ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር ትላለች።»

«አውቄያለሁ። ዛሬ አወቅኩ። ይቅር በሉኝ።»

«ዘጠኝ ሰዓት ነው ቀብሯ። እኔና መኪናው ነን።»

«አይደላችሁም። ካልሲህን አድርግና ቁጭ በል» አለችው።

ለቅሶ ባለበት ቀን አሳንሰሩ ያልተመደበ ሰው አይጭንም። ሶሊያና ደረጃውን ያዘች። ሽቅብ አትችልም፣ ቁልቁል ግን እግዜር ያውቃል። በየፎቁ ትቆምና እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ የድሮው የዕድር ለፋፊ ሲጮኽ እንደሰማችው ትጮኻለች።

«ስማ! ስማ! የሰማህ ላልሰማህ አሰማ! የናሆም ባለቤት መክሊት አርፋለች! ቀብር ዘጠኝ ሰዓት! ድንኳን ይተከላል! የቀረ ወየውለት!»

በሮች ተከፈቱ። ሰዎች ብቅ አሉ፤ እሳት የተነሳ መስሏቸው የወጡም ነበሩ። አሥረኛ ፎቅ ላይ በለጠች የምትባል ወጣት መምህር ፀጉሯን እንደያዘች ወጣች።

«እትዬ፣ እኔ ምደባ አልደረሰኝም እኮ።»

«እኔ መደብኩሽ!»

«ያልተመደበ ጉብኝት ከአፈጻጸም ነጥብዎ ይቀነሳል» አለ ሰብሳቢው ከጣሪያው።

«ቀንስ!» አለች ሶሊያና ቀና ብላ። «ቀንሰህ ስትጨርስ ንገረኝ!»

በለጠች ሳቀች። ከዚያ ደነገጠችና አፏን ያዘች፣ ከዚያም ጫማዋን ልታደርግ ሮጠች።

ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ደምሴ በሩ ላይ ቆሞ አገኘችው፣ ያንኑ ኮት ለብሶ፤ የቤቱ ፈረቃዎች አልቀዋል። «እትዬ» አለ፣ «እኔም እኮ ትንሽ ይበቃናል ብዬ ነው። ለአፌ ነው ያልኩት።» እሷ እጁን ያዘች። ይዛውም ወረደች።

ምድር ቤት ሲደርሱ ሠላሳ የሚሆን ሰው ተከትሏታል፣ ሌላውም እየወረደ ነው። ሶሊያና ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ቆመች። ፓስታ ፋብሪካው ውስጥ መብራት ሲጠፋ፣ መኪና ሲሰበር፣ ሁሉም ወደ እሷ ሲያይ የምታደርገው ይህንኑ ነበር። ከዚያ መመደብ ጀመረች። «እናንተ ለቀብር፣ ናሆምን መሐል አድርጉት፣ ብቻውን እንዳይቆም። እናንተ ከእኔ ጋር ለድንኳን። በለጠች፣ ድስት ያለው ቤት ፈልጊ። ስንዴና ሽምብራ ያለው ያውጣ። ደምሴ፣ አንተ ሐዘንተኛ ነህ፣ ተቀመጥ።»

«አልቀመጥም» አለ ደምሴ። ምሰሶ ተሸከመ።

ድንኳኑ ከዕቃ ቤቱ ጥግ አቧራ ለብሶ ወጣ። እንዴት እንደሚተከል የሚያውቅ ግን ጠፋ። ሶሊያና ሰብሳቢ ነበረች እንጂ ገመድ ጎትታ አታውቅም። መኪና ማቆሚያው ላይ ዘረጉት፤ የአዳማ ንፋስ ገባበትና ሦስት ወጣቶችን ይዞ ሊሄድ ደረሰ። «ያዝ! ያዝ!» ተባለ። ያንን ጩኸት ስትሰማ ሶሊያና እየሳቀች እንባዋ መጣ። እንደ ምንም አቆሙት። ወደ አንድ ጎን ያዘመመ ነገር ሆነ፣ ግን ቆሟል።

ከቀብር ሲመለሱ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። ናሆም በሰው ተከቦ መጣ። እጁን ታጠበና ድንኳኑ ፊት ቆሞ ሽቅብ አየው።

«ይሄን ያቆመው ማነው?»

ወጣቶቹ ወደ ሶሊያና አዩ።

«መሐል ምሰሶው ዳር ገብቷል እኮ! ማታ ላያችን ላይ ይወድቃል!»

«ያቆምኩት እኔ ነኝ፣ ምን ይጠበስ?» አለች ሶሊያና።

«ታዲያ እንዴት አይጣመም! ድሮም ያንቺ ዕቅድ ወረቀት ላይ ነው የሚያምረው!»

«ሁለት ድንኳን ይገዛ ስል ብትሰማኝ ኖሮ በአንዱ እማርበት ነበር!»

ሰው ሳቀ። ናሆምም ሳቀ፤ ሳቁ መሐል ላይ ግን ዞር አለ፣ ልማዱ ነውና። «በሉ ተነሱ» የምትላቸውን ሰው ፈለገ። አጣት። ያን ጊዜ ነው ከቀብሩ ይልቅ የተሸነፈው። ሴቶቹ ከበቡት፣ ወንዶቹ ነጠላ አቀበሉት፣ ደምሴ አጠገቡ ተቀምጦ «ጋሼ፣ ጋሼ» እያለ አብሮት አነባ። ማንም በቃህ አላለውም። ሲደክመው ራሱ ተወው።

ንፍሮው በትልቅ ትሪ መጣ፣ ትኩስ፣ ጨው የበዛበት። ምሰሶውን የሚያቀኑት አቀኑ። ከአንድ ጥግ ካርታ ወጣ፤ ከየት እንደመጣ ግን የሚያውቅ የለም። ወሬው ደራ። አንዱ፣ እሱ ልጅ ሳለ አሳንሰር ተዘግቶበት መክሊት እንዴት አድርጋ ከነብስክሌቱ እንዳወጣችው አወራ። ሌላዋ፣ መክሊትን ስታማት መክሊት ራሷ ሰምታ እንደታረቀቻት ተናገረች። ናሆም እየሰማ «እሱስ ውሸት ነው» ይላል፣ ደግሞ «እውነት ነው» ይላል።

ከመኪና ማቆሚያው ጣሪያ የታረመው ድምፅ መጣ። «አቶ ናሆም፣ እግዚአብሔር ያጽናዎ። ለቀጣይ ዕቅድ አንድ ጥያቄ አለኝ። ከዚህ በኋላ ምን እንዲደረግልዎ ይፈልጋሉ?»

ካርታው ቆመ። ወሬው ቆመ። ንፍሮ የያዘ እጅ አፍ ሳይደርስ ቀረ።

«ኧረ ምንም፣ ሰው አይ…» ብሎ ጀመረ ናሆም። አንደበቱ የለመደውን ነው ያወጣው።

ከዚያ ሶሊያናን አያት። እሷም አየችው። ልትመልስለት ትችል ነበር፤ ሰብሳቢ ሆና ስንቱን መልሳለታለች። ለእሱ ተወችው። ሽማግሌው ከንፈሩን ላሰ፣ ጉልበቱን በሁለት እጁ ያዘ።

«ሰው ይድከምልኝ» አለ። ድምፁ ቀጠነ። «ሰው እፈልጋለሁ። አትሂዱብኝ።»

ማንም ትልቅ ሰው እንዲህ ሲል ሰምቶ አያውቅም። ሴቶቹ ፊታቸውን ወደ ጎን አዞሩ። ሶሊያና አፈረችለትም፣ ኮራችበትም። ድሮ ይህን የሚል ሰው አልነበረም፤ ማለት የሚያስፈልገውም አልነበረም። ሰው «አትምጡ» ይላል፣ ሰው ይመጣል፤ እንዲያ ነበር የሚኖረው። አሁን ግን ናሆም በዚህ ዕድሜው ይሉኝታውን በሰው ፊት አውልቆ አስቀመጠ። ሌላ ምርጫ አልነበረውም።

«ተመዝግቧል» አለ ሰብሳቢው። «ለምን ያህል ጊዜ?»

ናሆም ግራ ገባው። እጁን ዘረጋ።

«እንግዲህ እናያለን» አለች ሶሊያና።

«ይህንን በጊዜ መልክ ማስቀመጥ አልቻልኩም። እባክዎ ይድገሙት።»

«እንግዲህ እናያለን!» አለ ድንኳኑ በሙሉ፣ ሽማግሌውም ልጁም፣ ደምሴም በለጠችም። ሳቅ ሆነ።

ሶሊያና ግን አልሳቀችም። ናሆም ጎን ያለችው ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። ኪሩቤል መጣባት። ያ አልጋ፣ ያ የተዘጋ በር፣ እነዚያ ግድግዳ የተጠጉ ወንበሮች። «ኪሩ» አለች፣ ቀስ ብላ፣ ከዚያ ጮክ ብላ። ናሆም ዞረና እጇን ያዛት። ሴቶቹ የማንን እንደምታለቅስ አልጠየቁም፣ ወንበራቸውን ሳብ ሳብ አድርገው ከበቧት። ሰባት ዓመት የቆየ ልቅሶ ነውና ቶሎ አላለቀም። ፈረቃሽ አልቋል ያላትም አልነበረም።